1.3 ኮሮላ ላይ የኋላ ክንፍ፦ ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ስንት ኪሎ ይጫናል?

ቤሬሳ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ባለ 1.3 ኮሮላ ሀችባክ፣ በዝግ መንገድ ላይ ለሚደረግ የዳገት ሰዓት ሙከራ እየተዘጋጀ ነው። የሚነዱት የፊት ጎማዎቹ ናቸው። ክብደቱ ከነሹፌሩ 1,050 ኪሎ። የኋላ ክንፍ ሊሠራለት ታስቧል፤ ከጎን ጎን 1.20 ሜትር፣ ከአፍንጫ እስከ ጭራ 25 ሴንቲ ሜትር። የእኛ አገር አየር ቀጭን ስለሆነ ይህ ክንፍ በእርግጥ ስንት ኪሎ ይጫናል? በስንት ዲግሪ ይታሰር? ከምንስ ቢሠራ ይሻላል? አንዱ ጋራዥ “ጠፍጣፋ ላሜራ ይበቃል፣ የኋላ በሩ ላይ በአራት ብሎን እናስረዋለን” ብሏል።

ጣርማ በር

ወንድም ቤሬሳ፣ ከአየሩ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቆመው። ክንፉን ወደ ታች የሚጫነው ዳውንፎርስም፣ መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዘው ድራግም በአንድ ቀመር ይሰላሉ፦ የአየሩ እፍግታ ግማሽ፣ ሲባዛ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ፣ ሲባዛ ስፋት፣ ሲባዛ የቅርጹ ቁጥር (ቅርጹ አየሩን ምን ያህል እንደሚገፋ ወይም እንደሚይዝ የሚያሳይ)። ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ አስገባ። የሚወጣልህ ኒውተን ነው፤ ለ9.8 ስታካፍለው ኪሎ ይሆናል።

ባሕር ጠለል ላይ በ15 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች በዚያው ሙቀት የሚገኘው 0.87 ኪሎ አካባቢ ነው። 29 በመቶው የለም ማለት ነው። ቁልቁል ወርደህ ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በ28 ዲግሪ ሙቀት ብታሰላው ወደ 1.0 ይጠጋል። ስለዚህ ያው ክንፍ፣ በዚያው ዝንባሌና በዚያው ፍጥነት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ከደብረ ብርሃን 15 በመቶ አስበልጦ ይጫናል።

ያንተ ክንፍ ስፋቱ 0.30 ካሬ ሜትር ነው። በደንብ የተቀረጸ ነጠላ ክንፍ ንጹሕ አየር ካገኘ የቅርጹን ቁጥር 1.2 ብለን እንያዝ። ደብረ ብርሃን ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ 8 ኪሎ ይጫናል፤ በ100 ወደ 12፤ በ160 ወደ 31፤ በ200 ወደ 49። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጭነቱ አራት እጥፍ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ቀርፋፋ መታጠፊያ ላይ ከክንፍ የሚገኝ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጠፍጣፋ ላሜራ ደግሞ 1.2 አይደርስም። ትንሽ ዘንበል ሲል አየሩ ከሆዱ ይላቀቃል፤ ግማሹን ከሰጠህ ብዙ ነው።

ለማነጻጸሪያ ያህል፣ ፖርሽ ለአሁኑ 911 ጂቲ3 አርኤስ የሰጠው ቁጥር በ285 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 860 ኪሎ ነው። የባሕር ጠለል አየር ነው ብንለው፣ ያው መኪና ደብረ ብርሃን ላይ በዚያው ፍጥነት የሚያገኘው 610 ገደማ ነው።

ሰላ ድንጋይ

ድራጉም እኮ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ታዲያ ምን ጎደለ? ሜክሲኮ ሲቲ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ የፎርሙላ 1 ሹፌሩ ቦታስ እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያ 372.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተመዝግቦለታል። ደጋ ላይ ቀጭን አየር ለቀጥታ መንገድ ጸጋ ነው።

ጣርማ በር

ለእነዚያ መኪኖች አዎ፤ ቱርቦ ስላላቸው ሞተራቸው አየሩን ጨምቆ ያስገባል፣ ጉልበቱም ብዙ አይወርድም። ይህ ኮሮላ ግን በራሱ የሚተነፍስ ቤንዚን ሞተር ነው። አየሩ 29 በመቶ ሲሳሳ ጉልበቱም ወደዚያው ይወርዳል። አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት በ29 በመቶ ቢቀንስም ያለህ ጉልበትም እንዲሁ ቀንሷል፤ ከፍተኛው ፍጥነት እዚያው አካባቢ ይቀራል። እንዲያውም የጎማው መንከባለል ግጭት ከፍታ ስለማይገባው ትንሽ ይወርዳል። ዳገት ላይ ደግሞ ክብደቱ አልቀነሰም፣ ጉልበቱ ግን ጎድሏል።

የሜክሲኮውን ነገር ካነሳን ትምህርት የሚሆነው ሌላው ወገን ነው። የፎርሙላ 1 ቡድኖች እዚያ ለሞናኮ፣ ለዘገምተኛውና ጠመዝማዛው ውድድር፣ የሚያስሩትን ዓይነት ትልልቅ ክንፍ ያስራሉ፤ የሚያገኙት ጭነት ግን ለፈጣኑ ሞንዛ ከሚያስሩት ትንንሽ ክንፍ ጭነት ጋር የሚቀራረብ ነው። ፍሬንና ሞተር ማቀዝቀዝም ራስ ምታት ይሆንባቸዋል።

ለደብረ ብርሃን ከሁሉም የሚቀርበው ምሳሌ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ያለው የፓይክስ ፒክ የዳገት ውድድር ነው። መነሻው 2,862 ሜትር ነው፣ ከደብረ ብርሃን ጋር እኩል ለማለት ምንም አልቀረውም፤ መድረሻው 4,302 ሜትር፣ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መታጠፊያው 156። እ.ኤ.አ. በ2013 የራሊ ሹፌሩ ሎብ በ8 ደቂቃ ከ13.878 ሰከንድ የወጣባት ፔዦ 208 ቲ16 የኋላ ክንፏ የተወሰደው ፔዦ ለሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ከሠራው ከ908 መኪና ነበር። 875 ኪሎ ለምትመዝን መኪና! እ.ኤ.አ. በ2018 የፎልክስቫገኑ አይዲ አር በ7:57.148 ወጣ፤ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ከፍታው ጉልበቱን አልነካውም፣ ክንፉን ግን ያው ቀጭን አየር ጎድቶታል፤ ስለዚህ ትልቅ አደረጉት። ከፍታ ላይ መፍትሔው ስፋት መጨመር ነው። ዝንባሌ መጨመር አይደለም፤ አየሩ የሚላቀቅበት ዲግሪ ደጋ ላይ ስለሆንክ አይርቅልህም።

ባለ ላሜራ

ልጄ፣ የኋላ በሩን ላሜራ ብቻ ይዞ የሚቆም ክንፍ አይሁን። የሀች በር ላሜራ ስስ ነው፤ በየጉድጓዱ ሲንቀጠቀጥ የብሎኑ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ከዚያ ከዳር ይሰነጠቃል።

አሠራሩ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ከ6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ አምስት የጎድን አጥንት ቁረጡ፤ የተገለበጠ የአውሮፕላን ክንፍ ቅርጽ፣ ሆዱ ወደ ታች የጎበጠ፣ ትልቁ ውፍረት 3 ሴንቲ። ከአፍንጫው 6 ሴንቲ ያህል ገባ ብሎ ባለ 20 በ20 ቱቦላሬ ከዳር እስከ ዳር ይለፍባቸው፤ ጭነቱ በብዛት የሚያርፈው እዚያ አካባቢ ነው። ክፍተቱን በፎም ሙሉና በረጅም ጣውላ ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። ከዚያ ሁለት ሦስት ንብርብር ፋይበር ግላስ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ነጩ ስታይሮፎም በፖሊስተር ሬዚን ይቀልጣል፤ ወይ ኢፖክሲ ተጠቀሙ፣ ወይ ፎሙን አስቀድማችሁ በማይበላው ነገር ሸፍኑት። ሁለተኛ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ። ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች አይደርቅም ማለት ይቻላል፤ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይወርዳል። ማታ የተቀባ ጠዋት ሙጫ ሆኖ ይገኛል። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ቀቡ፣ ማታውን ሙቀት ያለበት ቤት አሳድሩት።

ስቱኮ ስትቀቡ ጀርባውን ለማሳመር ብቻ አይሁን፤ ሆዱንም አለስልሱ። ሥራው ያለው ሆዱ ላይ ነው፤ መምጠጡ እዚያ ነው። ለዚሁ ሲባል የዳርና የዳር መዝጊያዎቹ፣ 3 ሚሊ አሉሚኒየም፣ ወደ ላይ 3 ሴንቲ ካሉ ወደ ታች 10 ሴንቲ ይውረዱ።

እግሮቹን ከ5 ሚሊ አሉሚኒየም ቆርጣችሁ የበሩ ማጠፊያ ካለበት የጣሪያ መስቀለኛ ብረት ጋር በ8 ሚሊ ብሎን እሰሩ። ከውስጥ በኩል የመዳፍ ስፋት ያለው 3 ሚሊ ላሜራ ደርቡ፣ ሰፊ ሮንዴላ፣ ራሱን የሚይዝ ዳዶ።

ጣርማ በር

ጋሼ ባለ ላሜራ ያሉትን ጭነት በቁጥር ልደግፈው። መኪናው 120 ቢደርስና ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ክንፉ 20 ኪሎ ገደማ ይጫናል። ለመፈተሻ ሦስት እጥፉን፣ 60 ኪሎ አሸዋ፣ በትንንሽ ከረጢት አድርጋችሁ ከዳር እስከ ዳር እኩል ጫኑበት። መሀሉ ከ5 ሚሊ በላይ ከጎበጠ ቱቦላሬው ይወፍር። ከዚያ አሸዋውን አውርዳችሁ ዳሩን ይዛችሁ ወደፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት፤ እግሩ ሲወላገድ የሚታየው ያኔ ነው።

ይህን አቅልሎ ማየት ምን እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ1969 ባርሴሎና ሞንትዡይክ ላይ፣ በፎርሙላ 1 ውድድር ታይቷል። የሎተስ ረጃጅም ክንፎች እየሄዱ ተሰበሩ፤ ሹፌሮቹ ግራሃም ሂልም ዮኸን ሪንትም በአንድ ውድድር ውስጥ በየተራ ከመንገዱ ዳር አጥር ጋር ተጋጩ። በቀጣዩ ውድድር፣ ሞናኮ ላይ፣ ረጃጅሞቹ ክንፎች ታገዱ።

ቤሬሳ

እናመሰግናለን ጋሼ። ጣርማ በር፣ ዝንባሌውን ግን አልነገርከኝም።

ጣርማ በር

ዝንባሌ የሚለካው ከሚመጣው አየር አንጻር ነው፣ ከመሬት አይደለም። ሀችባክ ላይ አየሩ ጣሪያውን ተከትሎ መጨረሻው ላይ ወደ ታች ያዘነብላል። ክንፉ ከመሬት ጋር 5 ዲግሪ ሆኖ ቢታሰር፣ መሀሉ ላይ የሚመጣው አየር 8 ዲግሪ ወደ ታች እየወረደ ከሆነ፣ ክንፉ በእርግጥ ያለው በ13 ዲግሪ ነው፤ ነጠላ ክንፍ ለመላቀቅ የተቃረበበት ቦታ። ዳርና ዳሩ ግን ከጣሪያው ውጭ ስለሆነ ቀና ያለ አየር ያገኛል። ስለዚህ ከ0 ጀምሩ፣ በ2 ዲግሪ በ2 ዲግሪ ከፍ አድርጉ። እግሩ ላይ አምስት ቀዳዳ በቅስት ብትበሱ ይበቃል።

ቁመቱ ከዲግሪውም ይበልጣል። ክንፉ ከጣሪያው በታች፣ ከኋላ መስታወቱ ጀርባ ከሆነ ያለው የሚታመስ አየር ውስጥ ነው፤ ድራግ ይጨምራል እንጂ አይጫንም። የክንፉ ሆድ ከጣሪያው ቢያንስ 15 ሴንቲ ከፍ ይበል።

መጨረሻ ላይ፣ ክንፉ ጥሩ እየሠራ ትንሽ ከፈለጋችሁ፣ በጀርባው ጭራ ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም ከ3 እስከ 5 ሚሊ የአሉሚኒየም ከንፈር እሰሩ። አሜሪካዊው የመኪና ተወዳዳሪ ዳን ገርኒ እ.ኤ.አ. በ1971 ያመጣት ናት። ከዚያ በላይ ስትረዝም ድራጓ ከጥቅሟ ያይላል።

የመንዝ ሱፍ

አየሩ መላቀቁን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ክር ይበቃል። የበግ ሱፍ ክር፣ መንዝ ባና የሚሠራበት ዓይነት፣ ግን ሳሳ ተደርጎ የተፈተለ። ናይሎን ክር ቀለም ላይ ይጣበቃልና ይተው። ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ቁረጡ፤ አንድ ጫፉን በወረቀት ፕላስተር ክንፉ ሆድ ላይ፣ ጣሪያው መጨረሻ ላይና የኋላ መስታወቱ ላይ በየ12 ሴንቲው ለጥፉ። ነጭ መኪና ከሆነ ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ከሆነ ነጭ። ሌላ መኪና ከጎንና ከኋላ ሆኖ በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቪዲዮ ይቅረጽ።

ክሩ ወደ ኋላ ተኝቶ ጸጥ ካለ አየሩ ተጣብቋል። እየተርገበገበ ከሆነ ሊላቀቅ ነው። ዞሮ ወደ ፊት የሚያይ ክር ካለ እዚያ አየሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። ሀችባክ የኋላ መስታወት ላይ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ይረበሻል፤ ያ የመኪናው ጠባይ ነው፣ አትደንግጡ። የምትፈልጉት የክንፉን ሆድ ነው። መጀመሪያ የሚረበሸው ከጭራው በኩል ያለው የመሀል ረድፍ ይሆናል፤ እሱ ሲረበሽ ሁለት ዲግሪ መልሱ። ካፊያ ካለ አትሞክሩ፤ የረጠበ ሱፍ ተኝቶ ይቀራል፣ ውሸቱን ጸጥ ይላል።

አንጎለላ

ሁላችሁም ስለ ክንፉ ስታወሩ ፊቱ ተረሳ። ይህ መኪና በፊት ጎማ ነው የሚነዳው፣ በፊት ጎማ ነው የሚታጠፈው። ክንፉ ከኋላ አክስል 60 ሴንቲ ወደ ኋላ ከተቀመጠና በአክስሎቹ መካከል 2.4 ሜትር ካለ፣ በ100 ኪሎ ሜትር የሚጫነው 120 ኒውተን ፊቱን በ30 ኒውተን ያቀልለዋል። ክንፉ ከፍ ብሎ ስለሚጎተት ድራጉም ወደ 15 ይጨምርበታል። ፊቱ ወደ 4.5 ኪሎ አጣ፣ ኋላው 16.5 አገኘ። ፈጣን መታጠፊያ ላይ መኪናው ወደ ውጭ እየገፋ አልታጠፍ ቢላችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው።

የኋላ ጭነት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው ኦዲ ቲቲ ሲወጣ ኋላው በከፍተኛ ፍጥነት እየቀለለ አደጋ ስላስከተለ ፋብሪካው ለተሸጡትም ጭምር የኋላ ስፖይለርና የመረጋጊያ ሲስተም ጨምሮላቸዋል። ነገር ግን ሚዛን ያስፈልጋል።

ለፊቱ ከፓራውልቱ ሥር 9 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ 5 ሴንቲ ወደ ፊት አውጡት፤ ሁለት ቀጭን ዘንግ ከላይ ይያዘው፣ አለዚያ በአየሩ ተጭኖ ይታጠፋል። ከመሬት 10 ሴንቲ ይራቅ። ከሥሩ ሌላ የሚወርድ ከንፈር ከፈለጋችሁ ከከባድ መኪና የጭቃ መከላከያ ጎማ ቁረጡ፤ ጉብታ ሲያገኝ ታጥፎ ይመለሳል። የመኪናውን ሆድ ማለስለስና ከኋላ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ቀስ ብሎ የሚነሣ ወለል መሥራትም ይቻላል፤ ኮሮላ ላይ ግን ማርሚታውና የስኮርታው ጎማ ጎድጓዳ ቦታውን ይዘውታል፣ ልፋቱ ይበዛል።

ማስጠንቀቂያ፦ የራዲያተሩን አፍ እንዳትዘጉ። 29 በመቶ የሳሳ አየር በዚያው ልክ ያነሰ ሙቀት ነው የሚሸከመው። ውኃውም ደብረ ብርሃን ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ 0.9 ባር የሚይዝ ከሆነ ወደ 114 ከፍ ይላል፤ ባሕር ጠለል ላይ ግን 119 ነበር። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ዳገት ላይ መፍላቱ አይቀርም። መጀመሪያ ክዳኑ ይለወጥ፣ በራዲያተሩና በፓራውልቱ መካከል ያለው ክፍተት በጎማ ወይም በፎም ይደፈን፤ የገባው አየር ሁሉ በራዲያተሩ ውስጥ ይለፍ።

ሰላ ድንጋይ

ይሄ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ድራጉ መጨመሩን በምን እናውቃለን? የነዳጅ ፍጆታ ማየት ብቻውን ያታልላል።

ጣርማ በር

መኪናውን ዜሮ ማርሽ አድርጎ እንዲንከባለል በመተው ይለካል። ሜዳና ቀጥ ያለ፣ መኪና የማይመላለስበት መንገድ ምረጡ፤ ንፋስ ሳይነሣ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ። የጎማው ንፋስ ተስተካክሎ፣ አሥር ደቂቃ ተነድቶ ይሙቅ። ከ85 ላይ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ዜሮ ማርሽ አስገቡ፤ ከ80 ወደ 70 የወረደበትን ሰከንድ ያዙ፣ ከዚያ ከ40 ወደ 30 የወረደበትን። መልሳችሁ በሌላው አቅጣጫ ድገሙት። ሞተሩ አይጥፋ፤ ፍሬንና መሪ ይከብዳል።

በአንድ መቶ ሜትር አንድ ሜትር የሚወርድ መንገድ ለዚህ መኪና 103 ኒውተን ነው፤ በዓይን የማይታይ ተዳፋት ስሌቱን ሙሉ ያበላሻል። ወዲህና ወዲያ መመላለሱ የግድ የሆነው ለዚህ ነው። አማካይ የሚወሰደውም ከሰከንዱ ሳይሆን ከኃይሉ ነው።

ኃይሉ፦ 1,050 ሲባዛ 1.03 (ለሚሽከረከሩት ጎማዎች)፣ ሲባዛ 2.78 (10 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሜትር በሰከንድ ሲሆን)፣ ሲካፈል ለሰከንዱ። ላዩ (ከ80 ወደ 70) 12.7 ሰከንድ ከሆነ 237 ኒውተን ይወጣል፤ ታቹ (ከ40 ወደ 30) 20.3 ከሆነ 148። ልዩነቱ 89 ነው። በ75 እና በ35 ኪሎ ሜትር (የሁለቱ አማካይ ፍጥነቶች) ወደ ሜትር በሰከንድ ተለውጠው የካሬያቸው ልዩነት 340 ነው። 89ን ለ340 አካፍሉ፣ በ2 አባዙ፣ ለ0.87 አካፍሉ፤ 0.60 ይመጣል። ይህ የመኪናው የቅርጽ ቁጥርና የፊት ስፋቱ ብዜት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሀችባክ የሚጠበቀውም እዚያው አካባቢ ነው። ክንፉ ታስሮ ስትደግሙት 0.66 ከመጣ ክንፉ 10 በመቶ አስከፍሏል ማለት ነው። የእጅ ሰዓት ስሕተት ስላለ በየአቅጣጫው አራት አራት ጊዜ ይሁን።

ክንፍ ከመግዛት በፊት ደግሞ ጣሪያው ላይ ያለውን ፖርቶ መጋላ አውርዱ። ሁለት ክብ ብረት፣ እያንዳንዱ 1.1 ሜትር ርዝመትና 3 ሴንቲ ውፍረት፣ ብቻቸውን 0.07 ይጨምራሉ። ከጠቅላላው 12 በመቶ፤ ያውም ለክንፉ የሚደርሰውን አየር እያመሱ።

ቤሬሳ

ፖርቶ መጋላው ዛሬውኑ ይወርዳል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከሙከራው በኋላ መኪናው ተነድቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ክንፉና ይህ ሁሉ ነገር ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ምን ያደርጋል?

አንጎለላ

ለፍሬን እንደሚረዳ አትቁጠሩት። 7 በመቶ ቁልቁለት ይህን መኪና በ720 ኒውተን ይገፋዋል። በ60 ኪሎ ሜትር አየሩ የሚይዘው 70 ገደማ ነው፣ የጎማው መንከባለል 125 ገደማ። የቀረው 525 ኒውተን፣ ወደ 9 ኪሎ ዋት ሙቀት፣ ወይ ሞተሩ ይውሰደው ወይ ፍሬኑ። ስለዚህ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ፣ እንደ መንገዱ። ፍሬኑንም የሚያቀዘቅዘው ያው ቀጭን አየር ነው፤ እየረገጡ መውረድ ሳይሆን ረገጥ አድርጎ መልቀቅ።

ንፋሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በ80 ስትሄድ ከፊት 30 ኪሎ ሜትር ንፋስ ከመጣ አየሩ የሚያየው 110 ነው፤ ድራጉ በ1.9 ይባዛል። ከጎን ሲመታ ደግሞ ረዥሙ ሃይሩፍ ሚኒባስ በ50 ኪሎ ሜትር ንፋስ ወደ 75 ኪሎ የጎን ግፊት ይቀበላል፤ የጣርማ በርን ዋሻ ሲወጣ የሚደነብረው ለዚህ ነው። ኮሮላው ዝቅ ስላለ ያንሰዋል፤ የክንፉ የዳር መዝጊያዎችም ከኋላ ስለሆኑ መኪናውን እንደማቅናት ይረዱታል። የፊቱን ኮምፔንሳቶ ግን ለመንገድ ጉዞ ፍቱት፤ ደብረ ሲና ከመድረሳችሁ በፊት አስፋልቱ ከተጎዳበት ቦታ ላይ ይሰበራል፣ ከጎማው ሥር ከገባ መሪ ያስታል።

ባለ ላሜራ

ከመውረዳችሁ በፊት የእግሮቹን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ። አዲስ ሥራ በመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች ይረጋጋል፣ ሮንዴላውም ቀለሙን ይበላል፤ ያኔ ዳዶው ላላ ይላል። ካጠበቃችሁ በኋላ ዳዶውንና ብሎኑን በአንድ መስመር ቀለም አስምሩባቸው፤ መስመሩ ከተዛነፈ ሳትነኩት ታውቃላችሁ።